አንድ ቀን ከእናት ጋር በጣና ዳር

በየቤታችን «ሲመቸን እንሄዳለን» እየተባለ ከዓመት ወደ ዓመት የሚተላለፍ አንድ ጉዞ አይጠፋም። አንዱን ዓመት የልጆች ትምህርት፣ ሌላውን ዓመት የቤት ኪራይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሐዘንና ሠርግ ይይዘውና ጉዞው ይቀራል። በእኔም ቤት እንዲሁ ሆኖ ነበር። እኔ ገና የጡት ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ክፉኛ ይዞኝ እናቴ፣ «ይህችን ልጅ አትርፍልኝ እንጂ ጧፍና ጥላ አገባለሁ» ብላ ለክብራን ገብርኤል ተሳለች። እኔ ተርፌ፣ አድጌ፣ ተድሬ የሁለት ልጆች እናት ሆንሁ። ስለቱ ግን ሳይገባ አርባ አምስት ዓመት አለፈው።

ባለፈው ጥር ወር፣ የጥምቀት ዋዜማ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እናቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳር ሄድሁ። በዚያ በአንድ ቀን ያየነውን፣ የተማርነውንና የተሳሳትነውንም ጭምር ለእርስዎ ማካፈል ወደድሁ። ምናልባት እርስዎም ቤት የቆየ ስለት፣ ወይም የቆየ ምኞት ያላት እናት ትኖር ይሆናል።

ከመነሣትዎ በፊት

በመጀመሪያ የመንገዱን ነገር ይጠይቁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ወደ ባሕር ዳር የሚደረግ ጉዞ እንደ ወትሮው ሳይጠይቁ የሚነሡበት አልሆነም። ስለዚህ በከተማው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት አስቀድመው ይደውሉ፤ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን ይወቁ። እኛ በአውሮፕላን ሄደን ከአንዲት የአክስቴ ልጅ ቤት አደርን።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ጣና ጧት ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ሽማግሌና ሕፃን የያዘ ሰው ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ እስከ ሰባት ሰዓት ቢመለስ መልካም ነው። ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት የሚሄዱባቸውን ቦታዎች፣ የሚቆዩበትን ጊዜና ዋጋውን ከነጂው ጋር ይነጋገሩ፤ በሰው ቍጥር ልክ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩንም በዐይንዎ ይዩ። ነጠላ፣ ረዘም ያለ ቀሚስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ የሚጠጣ ውሃና ዳቦ ቆሎ አይርሱ። እኔ ሁሉንም ይዤ ለእናቴ ምርኵዝ ረስቼ ነበር፤ ለዚህም ኋላ ዘጌ ላይ ዋጋ ከፍያለሁ።

ክብራን፤ ከወደቡ የማያልፉበት

ጣና የአገራችን ታላቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ይህን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ ግን እምብዛም አይደለም፤ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ እንኳ ዐሥራ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። በላዩ ላይ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከነዚህም በብዙዎቹ ገዳማትና አድባራት ተተክለውባቸዋል። ነገሥታትም የከበረውን ዕቃ ቢሆን የራሳቸውንም ዐፅም ለነዚህ ደሴቶች ዐደራ ሲሰጡ ኖረዋል። ከሐይቁ መካከል ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ተቀምጧል።

ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት ወደ ላይ አትወጣም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ይህን እናቴም እኔም አስቀድመን እናውቅ ነበርና ስለቱን የሚያገባው የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጄ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ጀልባዋ ከወደቡ ስትጠጋ ልጄ ጥላውንና ጧፉን አቅፎ ከነጂው ጋር ወደ ላይ ወጣ። እኛ ሦስት ሴቶች፣ አያት፣ እናትና ልጅ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

የዐሥር ዓመቷ ልጄ ዝም ብላ መቀመጥ አልሆነላትም። «እምዬ፤ ስለቱ ያንቺ አይደለም እንዴ? ለምን አንቺ አትገቢም?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ልጄን እንዲያተርፍልኝ ለመንሁት እንጂ ቤቱን እንዲያሳየኝ አልለመንሁትም» አለቻት።

ልጄ በመልሱ አልረካችም። እኔም በእሷ ዕድሜ ብሆን የምረካ አይመስለኝም። ደንቡ ስለ ምናኔ ሲሉ መነኮሳቱ ለራሳቸው ያቆሙት ነው። እንግዳ የሰውን ቤት ደንብ ያከብራል። ነገር ግን ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በይ» ማለት ሳይሆን የምናውቀውን ያህል መንገር ይገባናል። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴት መነኮሳት ያሉበት ደሴት መሆኑን፣ ወደዚያም ሴት መግባት እንደምትችል ስነግራት ፊቷ ፈታ አለ።

ልጄ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠበል በጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። እናቴ ቀምሳ ለእኔም አቀመሰችኝና ጥያቄዋን ጀመረች።

«ምን አየህ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እሱማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዓምዱ ስንት ነው?»

«አልቈጠርሁትም።»

«ዐሥራ ሁለት ነው፤ በሐዋርያት ቍጥር ነው የሚባለው። ሄደህ ሳትቈጥር መጣህ?»

ልጄ ዐፍሮ ስልኩን አወጣና ከውጭ ያነሣውን ፎቶግራፍ ሰጣት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ «ያምራል» ብላም መለሰችለት። እኔ በዚያን ጊዜ ምንም አላስተዋልሁም።

ዘጌ፤ ከቡናው ጥላ ሥር

ከክብራን ወደ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። በዚያ የሚያዩት ጫካ እንደ ሌላው ጫካ አይደለም፤ ከላይ ዋርካና ዋንዛ የመሰለው ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና ነው። እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም የሚባሉት ጻድቅ ምርኵዛቸውን ከሦስት ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱም ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም ሳያርስና ከብት ሳያሰማራ በነዚህ እንዲኖር አዘዙ። አፈ ታሪኩን እንደ ወደዱ ይቀበሉት፤ እውነቱ ግን በዐይን የሚታይ ነው። ዙሪያው ምድር በእርሻና በግጦሽ ሲራቈት የዘጌ ጫካ ቆሟል። የዘጌ ሴቶች ቡና ለቅመው፣ አስጥተው፣ ቀሽረው ቤታቸውን ያስተዳድራሉ፤ ከጫካው ሲወጡ ከደጃቸው ቢገዙ ለእነሱም ለእርስዎም ይበጃል።

ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ለወጣት ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለእናቴ ግን ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። ምርኵዝ በመርሳቴ የተፀፀትሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ልጅ የቡና እንጨት ቈርጦ እስኪሰጣት ድረስ እጇን በትከሻዬ ላይ አድርጋ ወጣች።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነች፤ ሴትም ወንድም ይገባል። ጫማዎን አውልቀው፣ ነጠላዎን አጣፍተው በሴቶች በር ይግቡ። ከውስጥ መቅደሱ በአራት ማዕዘን የቆመ ሲሆን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው የተለጠፈ ነው። ማንበብ ለማይችለው ሁሉ መጽሐፍ ሆኖ ዘመናት አገልግሏል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ሰማዕታትና ነገሥታት በየረድፉ አሉ። ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ በአንድ እፍኝ ውሃ የዳነው በላዔ ሰብም በዚያ አለ። ውሃውን በኪዳነ ምሕረት ስም ለተጠማ በመስጠቱ በሚዛኑ ላይ ውሃው ደፋ። ልጆችን ይዘው ከሄዱ ይህን ታሪክ ከሥዕሉ ፊት ቆመው ቢነግሯቸው ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል።

እናቴ ከመጋረጃው ፊት ቆመች። ባዶ ቀይ መጋረጃ ነው። እጇን ዘርግታ፣ «ይህ ጊዮርጊስ ነው አይደል? እንዴት ያለ ሥዕል ነው!» አለች።

እኔ ቃል አጣሁ። ጊዮርጊስ በስተግራዋ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ልጄ ግን አልደነገጠችም። የአያቷን እጅ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግራ ወሰደቻትና፣ «እምዬ፤ ጊዮርጊስ እዚህ ነው። ፈረሱ ነጭ ነው፤ ዘንዶው ከሥሩ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ዳር ቆማ ታያለች» እያለች ከሥዕል ወደ ሥዕል ታዞራት ጀመር። እናቴም «እሺ፤ ከዚያስ? ልብሷ ምን ዐይነት ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ልጄ የዘንዶውን ጥርስ ሳይቀር ቈጠረችላት። ኋላ ለብቻዋ ጠርቼ፣ «ታውቂ ነበር እንዴ?» ብላት፣ «ከመስቀል ጀምሮ መርፌ የማስገባላት እኔ ነኝ፤ አትንገሪ ብላኛለች» አለችኝ።

እንግዲህ አንባቢዬ፤ በአንድ ቤት እየኖርሁ፣ ከአንድ ማዕድ እየበላሁ እናቴ ዐይኗ እንደ ደከመ አላወቅሁም ነበር። ሽሮ ውስጥ ጨው ስትደግም «ረሳች» አልሁ፤ ከደረጃ ስትሰናከል «ጕልበቷ ነው» አልሁ። እሷም ሸክም እንዳትሆን ደበቀችኝ።

ዓሣ ገበያው

ሰባት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ተመለስን። ዓሣ የሚወርድበትን ዳርቻ ለማግኘት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰብስበው የሚጠብቁበት ቦታ እሱ ነው። አንዳንዱ አስጋሪ በሞተር ጀልባ፣ ሌላው እስከ ዛሬ ድረስ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይመጣል። የደንገል ታንኳ መሥራት ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙያ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ብዙ አያገለግልም፤ ቶሎ ቶሎ መተካት አለበት።

በገበያው ሦስት ዐይነት ዓሣ በብዛት ያገኛሉ። ቆሮሶ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፤ ለጥብስ የሚመረጠው እሱ ነው። አምባዛ ጢማምና ቅርፊት የሌለው ነው፤ ሥጋው ወፈር ያለና እሾሁ ጥቂት ስለ ሆነ ለወጥ ይስማማል። ነጭ ዓሣ የሚባለው እሾኻም ቢሆንም ጣዕም አለው። በዚህ ስም የሚጠራው ግን አንድ ዐይነት ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንት ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያ ቈጥረውለታል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም።

የዓሣ ነጋዴዋ ሴት እንደ ነገረችን ዓሣው እያነሰ ሄዷል። «ድሮ አንዱ አንድ ቤት ያጠግብ ነበር፤ ዛሬ ሦስቱንም ቢጠብሱት ልጅ አያጠግብ» አለች። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ከነጭ ዓሣ ወገን ብዙው በክረምት እንቍላሉን ለመጣል ወደ ርብ፣ ጉማራና መሰል ወንዞች ይወጣል፤ አስጋሪው ከወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እናት ዓሣ ሳትወልድ ከተያዘች በሚቀጥለው ዓመት የሚያዝ አይኖርም። በዚህም ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለ አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሸፍኖ ለአስጋሪው መንገድ፣ ለከብቱ ውሃ ነሥቷል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ አካባቢ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ የእኛም ጥንቃቄ ካልታከለበት ብቻውን አይጠብቀውም። ስለዚህ እርስዎ ገዢዋ በክረምት ወራት እንቍላል የያዘ ነጭ ዓሣ ባይገዙ፣ በማናቸውም ጊዜ ጨቅላውን ዓሣ ቢተዉ መልካም ነው።

ሲገዙ እንዲህ ይምረጡ፦ ዐይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። እናቴ በዚህ በኩል ማንንም አላስጠጋችም። ዐይኗን ሳትፈልግ በጣቷ ዳብሳ፣ በአፍንጫዋ አሽታ ከተደረደረው ውስጥ አራት ቆሮሶ ለየች፤ ነጋዴዋም «እኚህስ ዓሣ ያውቃሉ» ብላ ሣቀች። ቤት ሲደርሱ ሆዱን ወዲያው አጽድተው በሎሚና በጨው ይሹት፤ አምባዛ ከሆነ አስቀድመው ልጋጉን በጨውና በሙቅ ውሃ ያስለቅቁ። በሐይቁ ዳር ዓሣ በጥሬው በዳጣ የሚበላ አይጠፋም፤ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ግን በተለይ ለልጆች በደንብ ሳይበስል አይስጡ።

ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ፤ ልጆች ውሃ ሲያዩ መዝለል ያምራቸዋል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው ከቀንድ አውጣ ወደ ውሃ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስታወቁት ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ ነው። ልጆችዎ እግራቸውን ነክረው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ማስመርመር አይክፋዎ።

መብራቱ

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ በዘንባባ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቡና ጠጣን። የጥምቀት ሰሞን በመሆኑ መንገዱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሷል። በውሃው ዳር የተሠራው የእግረኛ መንገድ መብራትና የሆቴሎቹ ባለ ቀለም አምፖሎች አንድ በአንድ በሩ፤ ብርሃናቸውም በውሃው ላይ ረዝሞ ተዘረጋ። ይህ ብርሃን ራሱ ከውሃው የወጣ መሆኑን ለልጆቼ ነገርኋቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስም የሚሠሩት በዚሁ ሐይቅ ውሃ ነው። ውሃው ወደ ማመንጫው ሲመለስ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ድሮው ሙሉ ሆኖ የማይወርድበት ጊዜ አለ። መብራቱ ሲበራ የቀረብንንም ማወቅ ደግ ነው።

እናቴ ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «መብራቱ በዝቷል፤ እያንዳንዱ አክሊል ደፍቷል» አለች። ልጆቹ ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። መብራት ሲያዩ ዙሪያውን ቀለበት የሚያሳየው፣ ቀለሙን የሚያደበዝዘው የዐይን ሞራ መሆኑን ከአንዲት ነርስ ጎረቤቴ ሰምቼ ነበር።

በማግሥቱ ከተራ ነበረና ቀኑን አራዝመን አደርን። እርስዎም ከተቻለዎት ይህን ሌሊት አይለፉት። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው ሕዝቡ ጧፍ እያበራ ሲያድር ከአምፖሉ ሁሉ የሚበልጥ ብርሃን ያያሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ በዓል ነው። እናቴ ጧፏን ይዛ ስትቆም እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ሲቀልጥ ግን ሰሙ ጣቷ ላይ እስኪወርድ አላየችውም።

ከተመለስን በኋላ

ስለዚህ አንባቢዬ፤ የምመክርዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጉዞው ነው፤ አይተላለፍ። ሁለተኛው ደግሞ የዐይን ነው። የዐይን ሞራ በአገራችን ዐይነ ስውርነትን ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምና ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ቀዶው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመንደር አዋቂ ነኝ ባይ በመርፌ ማስወጋት ግን ዐይኑን ለዘለዓለም ሊያጠፋው ይችላል። እናቶቻችን ደግሞ ከአባቶቻችን ይልቅ ሕመማቸውን ደብቀው ይቀመጣሉ። ስለዚህ እነሱ እስኪናገሩ አይጠብቁ። መርፌ ማን እንደሚያስገባላቸው ይጠይቁ፤ በምሽት መብራቱ እንዴት እንደሚታያቸው ይጠይቁ።

እናቴ በየካቲት ወር የቀኝ ዐይኗን ታከመች፤ የግራው ቀጠሮ ተይዞለታል። ፋሻው በተፈታ በማግሥቱ የልጅ ልጇን ጠርታ፣ «ያንን የክብራንን ፎቶግራፍ አምጣ» አለችው። ስልኩን ከመስኮቱ ብርሃን ይዛ፣ በጣቷ እየነካች ቈጠረች።

«ሰባት» አለች። ዝም ብላ አየችና፣ «የቀሩት በስተኋላ ናቸው» ብላ ስልኩን መለሰችለት።